የጌም ኦፍ ትሮንስ መላምቶች፦ የትኛውን ይዘን ለክርክር እንቀመጥ?

እሁድ ከሰዓት ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ ደሴ ጭር ትላለች። ያኔ እኛ ቡና ላይ ነን። አምስት ነን፤ አንዳንዴ ስድስት። አንዱ ጓደኛችን ከኮምቦልቻ ነው የሚመጣው፤ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ ክርክሩ ይጀመራል። ርዕሱ አይቀየርም፤ ጌም ኦፍ ትሮንስ።

የቴሌቪዥን ተከታታዩ ግንቦት 2011 ዓ.ም. ላይ አልቋል። መጽሐፉ ግን አላለቀም። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። አምስተኛው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ስድስተኛውን እየጠበቅን አርጅተናል። መላምቱ ሁሉ የሚፈላው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

በቅርቡ ሁለት ተማሪዎች ተቀላቀሉን። ተከታታዩን ጨርሰዋል፤ መጽሐፉን ገና እየጀመሩ ነው። አንደኛዋ ስልኳ ላይ የሰበሰበቻቸውን ቲዎሪዎች አሳየችኝ። ጣቷ ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ ዝርዝሩ አያልቅም። «ከየትኛው ልጀምር?» አለችኝ። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም። ይህን የምጽፈው ለእሷና እንደሷ ግራ ለገባቸው ነው። ተከታታዩን ያላየ ሰው ግን እዚህ ላይ ያቁም። ከዚህ በታች የምደብቀው ነገር የለም።

በቅድሚያ እንዴት እንደምንመዝን ልንገራችሁ። በፊት ክርክራችን የዩቲዩብ ክርክር ነበር። ማስረጃችን «እገሌ በቪዲዮው እንዲህ ብሏል» ነበር። ከዚያ ኢንተርኔት የጠፋባቸው ወራት መጡ። ስልካችን ላይ የቀረን መጽሐፉ ብቻ ሆነ፤ አምስቱም ቅጽ። ያኔ ነው ልማዳችን የተለወጠው። አንድ ሰው መላምት ይዞ ሲመጣ «መስመሩን አሳየን» ማለት ጀመርን። መስመር የሌለው መላምት ቡናው ሳይደርስ ይወድቃል።

መስመሩ ከተገኘ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ማን ነው የነገረን? ማርቲን እያንዳንዱን ምዕራፍ በአንድ ሰው ዓይን ነው የሚጽፈው። ያ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሊዋሽም ይችላል። የሰማውን ወሬ እንደ እውነት ሊያወራ ይችላል። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው መማር አያስፈልገውም። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የቀረበባቸው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲያ ታሪኩን በሰፊው የነገሩን ያሸነፉት ናቸው። ኢያሱ በእርግጥ ምን አደረጉ፣ ለምንስ አደረጉ የሚለውን የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። አይጠየፍ አዳራሽ አካባቢ ያደገ ልጅ ሁለት ታሪክ ሰምቶ ነው የሚያድገው፤ አንዱን ከክፍል፣ ሌላውን ከአያቱ።

ሦስተኛው ጥያቄ አጭር ነው። እውነት ቢሆን ምን ይለወጣል? ምንም የማይለውጥ መላምት እውነት ቢሆንም እንኳ ቡና አያስጨርስም።

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

የጆን ስኖው እናት

ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው፤ መልሱ የታወቀ ቢሆንም። የሚፈርሰው ግምት ጆን ስኖው የኔድ ስታርክ ዲቃላ ነው የሚለው ነው። መላምቱ እናቱ የኔድ እህት ሊያና፣ አባቱ የእብዱ ንጉሥ ልጅ፣ ልዑል ሬጋር ነው ይላል። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ አረጋግጦታል። መጽሐፉ እስከ አምስተኛው ቅጽ ድረስ በግልጽ አልተናገረም።

«ካወቅነው ምን ያከራክራል?» ትሉ ይሆናል። ማርቲን ፍንጭ እንዴት እንደሚጥል እንደዚህ አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ መላምት የለም። አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። ሚስቱ ካትሊን የጆን እናት ማን እንደሆነች ኔድን ትጠይቀዋለች። ኔድ የሚመልሰው «ደሜ ነው» የሚል ቃል ነው፤ ከዚያ በላይ ማወቅ አያስፈልግሽም ይላታል። ካትሊን የሰማችው «ልጄ ነው» ብላ ነው። አንባቢውም እንደዚያው። ግን የእህት ልጅስ ደም አይደለም? ኔድ አልዋሸም። ቅኔ ነው የተቀኘው። ሰሙ ልጄ፣ ወርቁ የእህቴ ልጅ። ከቅኔ አገር ለመጣ አንባቢ ይህን ከመፍታት የበለጠ ምን ደስታ አለ?

ከዚያ ሃረንሃል በሚባለው ግንብ ወደተደረገው የፈረሰኞች ውድድር ተመለሱ። ሬጋር ውድድሩን ያሸንፋል። የገዛ ሚስቱን አልፎ ሄዶ የሰማያዊ ጽጌረዳ አክሊሉን ሊያና ጭን ላይ ያስቀምጣል። በሁለተኛው ቅጽ ዴነሪስ ራእይ ስታይ ደግሞ ከበረዶ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ሰማያዊ አበባ በቅሏል። የበረዶ ግድግዳ ላይ ማን ነው ያለው? ጆን።

በዚህ አንድ መላምት ሦስቱንም ጥያቄዎች መለማመድ ይቻላል። መስመር አለው። ሊያና ተጠለፈች ብሎ የሚያወራው እጮኛዋ ሮበርት ነው፤ አሸንፎ የነገሠው ሰው። እውነት ሲሆን ደግሞ አንድ ጦርነት ሙሉ ትርጉሙ ይገለበጣል።

የሪካርድ ስታርክ የደቡብ ምኞት

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቁጭ ልበል።

ሁላችንም የተቀበልነው ታሪክ እንዲህ ነው። ሬጋር ሊያናን ወሰደ፤ አባቷና ወንድሟ ወደ ንጉሡ ሄዱ፤ እብዱ ንጉሥ ገደላቸው፤ ኔድና ሮበርት ተነሡ። የፍቅርና የበቀል ታሪክ ነው። መላምቱ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። ከጠለፋው በፊት ምን እየተሠራ ነበር?

ጋብቻዎቹን ቁጠሩ። የሰሜኑ ገዢ ሪካርድ ስታርክ የበኩር ልጁን ብራንደንን ለካትሊን ተሊ አጨው። ሴት ልጁን ሊያናን ለሮበርት ባራቲየን አጫት። ሁለተኛ ልጁን ኔድን ደግሞ ጆን አሪን ጋ እንዲያድግ ላከው፤ ሮበርትም እዚያው ነበር የሚያድገው። የካትሊንን እህት ላይሳን ለታይዊን ላኒስተር ልጅ ለጄሚ ለመዳር ንግግር ተደርጎ ነበር። ስታርኮች በተለምዶ የሚጋቡት ከሰሜን ቤቶች ጋር ነው። የሪካርድ ሚስት ራሷ ከስታርክ ዘር ነበረች። ታዲያ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህ ሁሉ የደቡብ ጋብቻ ከየት መጣ?

መላምቱ እንደሚለው ትልልቆቹ ቤቶች ንጉሡን በጋራ መቆጣጠር፣ ወይም ማውረድ፣ አስበው ነበር። ጠለፋው ጦርነቱን አልፈጠረውም። የተዘጋጀ ድርቆሽ ላይ የወደቀ ክብሪት ነው።

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም። ራስ ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን ያገቡት ለምን ነበር? ካሳ ኃይሉ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን የተዳሩትስ? በመሳፍንቱ ዘመን የየጁ ጌቶች በጋብቻ ስንቱን አገር አሰሩ? እኛ አገር ጋብቻ ማለት ውል ነበር። ቀለበት ከታየ «ማን ከማን ጋር ቃል ተገባባ?» ብሎ መጠየቅ ያባት ነው። ስለዚህ የእኛ አንባቢ የሪካርድን ልጆች ጋብቻ ሲያይ ወዲያው ነው የሚጠረጥረው።

እውነት ከሆነ ምን ይለወጣል? ብዙ። ኔድ የሚያመልከው ንጹሕ አባት ሴረኛ ሆኖ ይገኛል። ጆን አሪን አመጹን የመራው ያሳደጋቸውን ልጆች ለማዳን ብቻ መሆኑ ያጠራጥራል። እብዱ ንጉሥ ሰው ሁሉ ሊያጠፋኝ ያሴራል ሲል እብደቱ እብደት ሆኖ፣ ሴራው ግን እውነት ሊሆን ነው። ይህን አስባችሁ የመጀመሪያውን ቅጽ እንደገና ብታነቡት ሌላ መጽሐፍ ነው።

መስመሩስ? ጋብቻዎቹ በየመጽሐፉ ተበትነው አሉ። ሐሳቡን በግልጽ የምትናገረው ግን ሌዲ ባርብሪ ደስቲን ናት፤ በአምስተኛው ቅጽ፣ ለቲየን። የሪካርድ አማካሪ የነበረው ሜስተር ዋሊስ ጆሮው ውስጥ መርዝ አፈሰሰበት ትላለች፤ የተሊ ጋብቻ የእሱ ሐሳብ ነበር ትላለች። ስለ እሷ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ሐሰተኛው ኤጎን

ይሄኛው ተከታታዩን ብቻ ላየ ሰው እንግዳ ነው። ወጣት ግሪፍ የሚባለው ገጸ ባሕሪ ጭራሽ በስክሪን አልታየም። በአምስተኛው ቅጽ ቲሪዮን በወንዝ ላይ ሲጓዝ ያገኘዋል። ጸጉሩን ሰማያዊ የተቀባ ልጅ ነው። የሬጋር ልጅ ኤጎን ነው ይባላል። በሕፃንነቱ የተገደለው ሌላ ሕፃን ነው፤ የንጉሡ የስለላ አለቃ ቫሪስ ከቆዳ ፋቂ ቤት ልጅ ገዝቶ ለውጦት ነው ይባላል። ጭንቅላቱ ግድግዳ ላይ ስለተፈጨ ማንም ሊለየው አልቻለም።

የተለመደው ግምት «ቫሪስ ካለ ነው» የሚል ነው። መላምቱ ልጁ የብላክፋየር ዘር ነው ይላል። ብላክፋየሮች ከታርጋሪየን የወጡ የዲቃላ ቅርንጫፍ ናቸው፤ አምስት ጊዜ ዙፋኑን ፈልገው ተዋግተዋል። ምልክታቸው ጥቁር ዘንዶ ነው፤ የታርጋሪየን ቀይ።

እዚህ ላይ አንድ ምሽት ትዝ ይለኛል። የኮምቦልቻው ጓደኛችን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። «ይህን አንብቡ» አለ። አራተኛው ቅጽ ነው፤ የብሪየን ምዕራፍ። አንድ ቄስ ስለ ድሮ የእንግዳ ማረፊያ ያወራል። ባለቤቱ ከጥቁር ብረት ባለ ሦስት ራስ ዘንዶ ሠርቶ ግቢው ውስጥ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። የአካባቢው ጌታ የብላክፋየር ምልክት ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ቆራርጦ ወንዝ ጣለው። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዱ ጭንቅላት አንዲት ደሴት ዳር ተገኘ፤ ዝጎ ቀይ ሆኖ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጀበናው ብቻ ነበር የሚንቃቃው። ጥቁር ዘንዶ ባሕር ማዶ ተጥሎ፣ ቀይ መስሎ ተመለሰ። ስለ ማረፊያ ቤት የተጻፈ መስሎን ሁላችንም አልፈነው ነበር።

ሌላም አለ። ጎልደን ካምፓኒ የሚባለውን ቅጥረኛ ጦር የመሠረተው የብላክፋየር ደጋፊ ነው። ውል አፍርሶ የማያውቅ ጦር ነው። ለዚህ ልጅ ሲል ግን አፈረሰ። የቫሪስ ወዳጅ ኢሊሪዮ ለምን ሲባል ውል በቀለምም በደምም ይጻፋል የሚል መልስ ይሰጣል። ዴነሪስም በራእይዋ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት፣ በዘንግ የተወጠረ የጨርቅ ዘንዶ አይታለች።

ተቃራኒውም ቀላል አይደለም። ቫሪስ በመጽሐፉ መጨረሻ ለሚሞት ሰው፣ ለኬቫን ላኒስተር፣ ኤጎን በሕይወት እንዳለ ይነግረዋል። ለሚሞት ሰው ለምን ይዋሻል? ይህ ጥያቄ ሁለት እሁድ ወስዶብናል። እኔ ግን የዛገውን ብረት ነው የማምነው። ደራሲው በከንቱ ያን ያህል ቦታ አይሰጠውም።

የሎሚው ዛፍ

ዴነሪስ ልጅነቷን ስታስታውስ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ትላለች። ቀይ በር ያለው ቤት። በመስኮቷ በኩል የሚታይ የሎሚ ዛፍ። ቤቱ ብራቮስ ነበር ትላለች። ግን በአራተኛው ቅጽ ሳም ብራቮስ ሲደርስ ዛፍ እንደሌለ ያያል፤ ከትልልቅ ሰዎች አጸድ በቀር። ጉምና ብርድ ያለበት የባሕር ከተማ ነው። ሎሚ ደግሞ የዶርን ፍሬ ነው።

ይህ ለደሴ ሰው ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የእኛ ግቢ ብርድ ነው፤ ሎሚ አይወድም። የኮምቦልቻው ጓደኛችን አንድ ቀን ከእናቱ ግቢ በፌስታል ሎሚ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎ «ይህ ሐረጎን ሳይወርድ አይገኝም» አለ። አንድ የሎሚ ዛፍ የት እንዳደገች ሊመሰክርባት ይችላል።

መላምቱ ዴነሪስ ያደገችው የምታስበው ቦታ አይደለም፤ ምናልባት ዶርን ነው ይላል። የእሷን ወንድም ከዶርን ልዕልት ጋር ለማጋባት የተፈረመ ምስጢራዊ ውል እንደነበር ከአምስተኛው ቅጽ እናውቃለን። ውሉ የተፈረመው ግን ብራቮስ ነው፤ የከተማዋ ገዢ ምስክር ሆኖ። አጸድ ያለው ትልቅ ሰው ቤት ነበረች ካልን ነገሩ ያለ ዶርንም ይፈታል። መስመሩ ጥሩ ነው። ተናጋሪዋ ሕፃን ስለነበረች መጠርጠሯም ተገቢ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ይደክማል። ዶርን ካደገች ምን? እስካሁን አሳማኝ መልስ የሰጠኝ ሰው የለም። ለአንድ ምሽት ይበቃል፤ ለሁለት አይበቃም።

ቲሪዮን ታርጋሪየን ነው?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። እብዱ ንጉሥ የቲሪዮንን እናት ይመኝ ነበር፤ ይህ ተጽፏል። ቲሪዮን የዘንዶ ሕልም አለው። ታይዊን ሲሞት ልጄ አይደለህም ይለዋል። እንግዲህ ይሄ ነው ማስረጃው። ግን የታይዊን ታሪክ ክብደቱ የገዛ ልጁን መጥላቱ ላይ ነው። ከልጆቹ ሁሉ እሱን የሚመስለው የሚንቀው ልጅ ነው። የታይዊን እኅት ጄና ለጄሚ በግልጽ ነግራዋለች፤ የታይዊን ልጅ ቲሪዮን ነው እንጂ አንተ አይደለህም ብላ። ይህን ካፈረስን ከታሪኩ ልብ ላይ ቆርጠን ወሰድን ማለት ነው። አንድ መላምት እውነት ሲሆን ታሪኩ የሚሳሳ ከሆነ ተዉት።

እጀ ቀዝቃዛው

ይህን ያነሣሁት ለማስጠንቀቂያ ነው። በተከታታዩ ብራንን የሚረዳው ጥቁር ለባሽ አጎቱ ቤንጀን ነው። ብዙ ሰው ስለዚህ መጽሐፉም እንዲሁ ነው ይላል። መጽሐፉ ላይ ግን ይህ ሰው ከረጅም ጊዜ በፊት የተገደለ መሆኑን ከጫካ ልጆች አንዷ የሆነችው ሊፍ ትናገራለች፤ ቤንጀን የጠፋው ትናንት ነው። በረቂቁ ላይም አዘጋጇ ይህ ቤንጀን ነው ወይ ብላ ስትጠይቅ ማርቲን «አይደለም» ብሎ ጽፎላታል። ስለዚህ ክርክር ስትጀምሩ መጀመሪያ ተስማሙ፦ የምናወራው ስለ ተከታታዩ ነው ወይስ ስለ መጽሐፉ? ይህን ሳንለይ ሁለት ሰዓት የተጯጯህንበት ቀን አለ።

የዋይማን ማንደርሊ ፓይ

ቡና ላይ ሰው ለማሳመን ከዚህ የሚቀል የለም። በዌስተሮስ እንግዳ ዳቦና ጨው ከቀመሰ በኋላ አይነካም። የፍሬይ ቤት ይህን ሕግ ጥሶ ሮብ ስታርክን በሰርግ ላይ አረደው። በኋላ ሦስት የፍሬይ ሰዎች ወፍራሙ ሎርድ ማንደርሊ ጋ ይሄዳሉ። ከእሱ ተነሥተው ወደ ዊንተርፌል ሲጓዙ መንገድ ላይ ጠፉ። ማንደርሊ ዊንተርፌል ሰርግ ላይ ደረሰ፤ ሦስት ግዙፍ የሥጋ ፓይ ይዞ። ራሱም በደስታ በላ። ዘፋኙንም ስለ አይጡ ወጥ ቤት ዝፈንልኝ አለው። የአይጡ ወጥ ቤት የንጉሥ ልጅ ገድሎ ለአባቱ በፓይ ያበላ ሰው ነው። መላምቱ ፓዩ ውስጥ ያሉት የጠፉት ሦስቱ ፍሬዮች ናቸው ይላል።

ወሎዬ ሆኖ ይህን ታሪክ ሲሰማ ፊቱ የማይለወጥ ሰው አላየሁም። እኛ ዘንድ እንግዳ ማለት እንግዳ ነው። «ቤት ለእንግዳ» ብለን ያስገባነውን ሰው ቢጠላን እንኳ አንነካውም። ስለዚህ ቡናውን የምታፈላልን እትዬ ሳትቀር ጠየቀች፦ «እሱስ እንግዶቹን አረዳቸው አይደል? ከፍሬይ በምን ይሻላል?» መልሱ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ማንደርሊ ሲሸኛቸው ለእያንዳንዳቸው ፈረስ ሰጥቷቸዋል። የመሸኛ ስጦታ ነው። ስጦታው ሲሰጥ እንግድነቱ አበቃ። ከበሩ ከወጡ በኋላ እንግዳ አይደሉም። እትዬ ትንሽ አሰበችና «ሕጉን ጠብቋል፤ ግን ልቡ ክፉ ነው» አለች። ከዚያ የተሻለ ፍርድ አልሰማሁም።

ድክመቱ ክርክር አለማስነሣቱ ነው፤ ሁሉም ቶሎ ይስማማል።

ቃል የተገባለት ልዑል

ዓለምን የሚያድን አንድ ጀግና ይወለዳል የሚል ትንቢት አለ። ጆን ነው፣ ዴነሪስ ናት ይባላል። ሽማግሌው ሜስተር ኤመን ሊሞት ሲል አንድ ነገር ይገባዋል፦ ስሕተቱ የመጣው ከትርጉም ነው፤ ዘንዶ ወንድም ሴትም አይደለም። በአማርኛ ስታስቡት ይህ ወዲያው ይገባችኋል። እኛ «ይመጣል» ወይም «ትመጣለች» ማለት አለብን። ጾታ ሳንመርጥ ትንቢቱን መተርጎም አንችልም።

እኔ የምወደው ግን ከዚህ አንድ ርምጃ የሚሄደውን ነው። ትንቢቱ ሰው አይመርጥም፤ ሰዎች ናቸው ትንቢቱን የሚለብሱት። ሬጋር ልጅ ሳለ መጽሐፍ ብቻ ነበር የሚወደው። አንድ ቀን ያነበበው ነገር ተዋጊ መሆን እንዳለበት አሳመነው። በኋላ ደግሞ ትንቢቱ ስለ ልጄ ነው አለ። ስታኒስም ሜሊሳንድራ አልብሳው ነው።

ፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ እንደሚነግሥ ይናገራል። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ያንን ስም ወሰዱ። ስሙ ነው እሳቸውን የጠራቸው ወይስ እሳቸው ናቸው ስሙን የጠሩት? ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እዚሁ እኛ አገር፣ መቅደላ ላይ፣ ራሳቸውን አጠፉ። መቅደላ አምባ ላይ የቆመ ሰው ትንቢት ለሰው ምን እንደሚያደርግ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። ለዚህ ነው ይህን መላምት ለታሪክ ወዳጆች የምሰጠው።

ታዲያ የትኛውን?

ተከታታዩን ብቻ ያየህ ከሆንክ በጆን ስኖው ጀምር፤ ከዚያ ማንደርሊ። መጽሐፉን አንብበሽ ፍንጭ ማደን ከወደድሽ ኤጎንን ያዢ፤ የብሪየንን ምዕራፍ በቀስታ አንብቢ። ታሪክና ፖለቲካ የሚወድ ሰው ከደቡብ ምኞት ውጭ አይሂድ። ትንቢት ለሚወድ የተናገርኩት አለ። ሎሚውን ለጨዋታ ያህል ያዙት። ቲሪዮንን ተዉልኝ።

እኔ ከሁሉም የደቡብ ምኞትን እመርጣለሁ ብያለሁ። ለዚያች ተማሪም ይህንኑ ነገርኳት፤ ምዕራፉንም አሳየኋት። በሁለተኛው እሁድ መጥታ ተቀመጠች። ስኒዋን ሳታነሳ ስልኳን ከፈተች።

«ሌዲ ደስቲን ብራንደን ስታርክን ትወደው ነበር» አለች። «እሱ ለካትሊን ታጨ። ከዚያ ሌላ አገባች። ባሏን ኔድ ይዞት ሄደ፤ ፈረሱን መልሶላት አጥንቱን ሳያመጣላት ቀረ። እስከዛሬ ትጠላዋለች። ስለ ስታርኮች ሴራ የነገረችን እሷ ናት። አንተ ራስህ ማን ነው የነገረን ብለሽ ጠይቂ አላልከኝም?»

የጋብቻዎቹ ዝርዝር ያለ እሷም ይቆማል አልኳት። ለምን እንደተፈጸሙ የሚነግረን ምስክር ግን ሌላ የለንም። እስከ በረካው ስንፈልግ አመሸን፤ አላገኘንም። ለመጪው እሁድ የቤት ሥራ ወስደናል። እሷ የካትሊንን ምዕራፎች ትፈትሻለች፤ የኮምቦልቻው ጓደኛችን የኔድን፤ እኔ የጄሚን።